የእጅ መታጠቢያውን ሁለት ጊዜ ሠራነው፦ የአንድ የተማሪዎች ክበብ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ሰብሳቢም ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ሥራው ሲሠራ በደብተሬ ላይ በየጊዜው ያሰፈርኩት ነው። የተሳሳትንበትን አልሰረዝኩም። ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሌላ ተማሪ ካለ፣ ከልኬቶቹ እኩል ስሕተቶቻችንም ይጠቅሙታል።

ሳምንት 1፣ ሰኞ

የዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ ነበር። ሃያ ሦስት ተማሪዎች ተገኘን። የተነጋገርነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ እጅ መታጠቢያ የለም። ያለው ቧንቧ በግቢው ሌላኛው ጫፍ ነው። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ለመጠጥ የሚሰለፈው ብዙ ስለሆነ ለመታጠብ የመጣ ተራ ሳይደርሰው ደወል ይደወላል።

አማካሪያችን የባዮሎጂ መምህራችን ናቸው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያወጣቸውን አሃዞች በወረቀት ጽፈው መጡ። እጅን በሳሙና መታጠብ በተቅማጥ የሚታመሙትን ሰዎች ቁጥር ከ23 እስከ 40 በመቶ፣ ጉንፋንንና የመሳሰሉትን የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ከ16 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል። በሆድ ሕመም ምክንያት ከትምህርት ገበታ መቅረትን ደግሞ ከ29 እስከ 57 በመቶ ይቀንሳል። ቤቱን ጸጥ ያሰኘው የመጨረሻው ነበር። ሦስት ቀን ታሞ ቀርቶ ሲመለስ ሒሳቡ ገደል የሆነበት ተማሪ በእያንዳንዱ ክፍል አለ።

በእግር እየተረገጠ ውኃ የሚያወርድ መታጠቢያ እንድንሠራ ወሰንን።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ባላ እንጨት ይተከላል፤ በላያቸው አግድም እንጨት ይጋደማል፤ ከእርሱ ላይ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይንጠለጠላል። የጀሪካኑ አንገት አጠገብ በምስማር ይበሳል። ከአንገቱ የሚወርድ ገመድ መሬት ላይ ካለ ዱላ ጋር ይታሰራል። ዱላው ሲረገጥ ጀሪካኑ ያዘነብላል፣ ውኃው በቀጭኑ ይወርዳል። እጅ የሚነካው ነገር ስለሌለ ያልታጠበው እጅ የተወው ጀርም ወደ ታጠበው አይተላለፍም። ውኃም አያባክንም። ሳሙናው በመረብ ከረጢት ከጎን ይንጠለጠላል።

አራት ሠራን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረን ሲመሽ ጨረስን።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞ

ተመረቀ። ርእሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበ። በዕረፍት ሰዓት አራቱም ጋ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ትንንሾቹ ዱላውን ለመርገጥ ሲሉ ብቻ ሁለት ሁለት ጊዜ ታጠቡ። በጣም ደስ አለኝ።

ከሰልፉ ወዲያ፣ ከመታጠቢያው አራት ሜትር ያህል ርቃ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ትመለከታለች። ጓደኛዋ ከጠርሙስ ውኃ አፈሰሰችላት፤ እጇን በጭኗ ላይ ታጠበች፤ ቀሚሷ ራሰ። ሄጄ ሥራችንን እንዴት እንዳየችው ጠየቅኋት።

«ያምራል» አለችኝ። «ግን የሚሠራው በእግር ነው።»

ሳምንት 2፣ ረቡዕ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነና ማየት የተሳነው ልጅ ዛሬ መታጠቢያውን ፍለጋ መጣ። ቦታውን የነገረው ሰው የለም። ነጭ በትሩ ከመርገጫው ገመድ ጋር ተጠላለፈና ጀሪካኑ ከነውኃው ጫማው ላይ ወደቀ። እርሱ ምንም አልተናገረም። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የጀርም መንገድ ለመዝጋት ብለን የዘረጋነው ገመድ የሰው መንገድ ዘጋ።

ሳምንት 2፣ ዓርብ

አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ፤ ሁለቱም እንዲገኙ ጠየቅኋቸው። መፍትሔ ያልኩትን ይዤ ነበር የገባሁት፦ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ረዳት ተማሪ ይመደብ፤ በተራ እየወሰዱ ያስታጥቧቸው። ሐሳቡን ሰው ሁሉ ወደደው። እርሷ እጇን አነሣች።

«እጄን ለመታጠብ ሰው መጠበቅ አልፈልግም።»

ቀጥላም ሌላ ነገር ተናገረች። «ስለ ጤና ስትነጋገሩ አትጠሩንም። የምትጠሩን ስለ አካል ጉዳት ሲሆን ብቻ ነው።» እውነቷን ነው። ትምህርት ቤቱ የጤና ክበብና የአካቶ ትምህርት ክበብ (አካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ የሚሠራ) ለየብቻ አሉት። የሚሰበሰቡትም በተለያየ ቀን ነው። እነርሱ ዓመቱን ሙሉ ስለ መብት ሲወያዩ እኛ ስለ ንጽሕና እንወያያለን፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን አንድ ነው።

የአካቶ ትምህርት ክበብ ተጠሪ ከደብተሩ አነበበልን። በ1994 በስፔኗ ሳላማንካ ከተማ የ92 አገሮች መንግሥታትና 25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ሕፃናት መቀበል እንዳለባቸው ተስማምተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ታኅሣሥ 13 ቀን 2006 ጸደቀ፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስምምነቱ ሲዘጋጅ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ፤ መፈክራቸውም «ስለ እኛ፣ ያለ እኛ አይሆንም» የሚል ነበር። እኛ ደግሞ ከነርሱ መካከል አንድም ሰው ሳንጠይቅ አራት መታጠቢያ ሠርተን አስመርቀናል።

ሁለቱ ክበቦች እንዲዋሐዱ ተወሰነ። አዲሱን ሥራ የምትመራው እርሷ ናት፤ የመንገዱንና የምልክቱን ነገር እርሱ ይይዛል። ሜትሩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። መስጠቱ ቀላል አልነበረም፤ ሰብሳቢ ማለት ሁሉን የሚያውቅ ማለት ይመስለኝ ነበርና።

ሳምንት 3

ሳምንቱን በሙሉ ስንለካ ሰነበትን። እርሷ ትለካለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

በወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ከመሬት 63 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ከገንዳው ሥር ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጉልበቷ ይጋጭና እጇ ቧንቧው ጋ አይደርስም። የገንዳው ከንፈር 80 ላይ እንዲሆን መረጠች። ይህ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ገንዳ በ55 ከፍታ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረበችው ራሷ ናት። በእኛ ስብሰባ ላይ ትንንሾቹን ያስታወሰ አልነበረም። ወንበሯ ሙሉ ዙር ለመዞር 1 ሜትር ከ50 ስፋት ይፈልጋል። ቧንቧው በክርን የሚገፋ ረጅም እጀታ ያለው ይሁን ተባለ፤ ከከፍታ ላይ ከተቀመጠ በርሜል ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። እጅ አይነካውም፣ እግርም አይጠይቅም።

መጸዳጃ ቤቱ ያለበት ወለል ከግቢው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ሁለት ደረጃ አለው። እኔ በወረቀት ላይ የሣልኩት መወጣጫ 1 ሜትር ከ50 ርዝመት ነበረው። ግንበኛው የአንድ ተማሪ አባት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ሥዕሉን አይተው «እስቲ እንሞክረው» አሉና ጣውላ አጋደሙ። ሁለታችን ከኋላ ሆነን ይዘናት መውጣት ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዎቹ ከጣውላው ተነሡ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ነበር። ድምፅ አላሰማችም፤ የጎማውን ቀለበት የያዙት ጣቶቿ ግን ነጭ ሆነው ነበር።

ትክክለኛው ልክ 1 ለ 12 ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ለ30 ሴንቲ ሜትር 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። ከሣልኩት በእጥፍ ይበልጣል። መጀመሪያ ብጠይቅ ኖሮ እነዚያ ጣቶች አይነጡም ነበር።

ሳምንት 4

ስለ ምልክቱ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር እስከ ገንዳው፣ በግድግዳው ላይ በወገብ ከፍታ የእጅ መደገፊያ ብረት ይዘረጋል። መሬት ላይ ደግሞ በሲሚንቶ ውስጥ ጠጠር የተተከለበት ቀጭን መስመር ይሠራል፤ ነጭ በትር ሲነካው ድምፁ ይለወጣል። የደረጃዎቹ ጠርዝ ደማቅ ቢጫ ይቀባል፤ ይህ ደብዝዞ ለሚታያቸው ነው። ሳሙናው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይሆናል። ይህን ሕግ ያወጣው የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ነው፤ «ዛሬ በቀኝ፣ ነገ በግራ ከሆነ የለም ማለት ነው» አለ።

የምልክቱንም ጽሑፍ በብሬል፣ ማለትም በጣት ተዳስሶ በሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት፣ ራሱ አዘጋጀ። ባለ ቀዳዳ በሆነው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ መካከል ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ ስታይለስ በሚባለው ሹል መውጊያ ነጥብ በነጥብ ይወጋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ስጠይቀው ፕላስቲኩን ገልብጦ ጣቴን አስቀመጠልኝ። የተወጋው በጀርባው ጎልቶ ይወጣና ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ስድስት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ሲቀናጁ 63 ምልክት ይሆናሉ።

ሉዊ ብሬል ይህን ዘዴ ሲያገኝ 15 ዓመቱ ነበር፤ ጊዜውም 1824። በፓሪስ ማየት የተሳናቸው ወጣቶች ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የፈረንሳይ ጦር መኮንን የነበረው ሻርል ባርቢዬ ያቀረበው ባለ 12 ነጥብ ጽሕፈት ለአንድ ጣት ስለሚበዛ ወደ ስድስት አወረደው። ዘዴውን የሠራው የሚጠቀምበት ተማሪ ራሱ ነው፤ ይህን ከባልደረባዬ አፍ በሰማሁበት ቀን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሳምንት 5

ግንባታው ተጀመረ። በርሜሉ የሚቀመጥበት መሠረት፣ ገንዳዎቹ፣ መወጣጫው። ጋሼ በውኃ ልክ እየለኩ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አላሳለፉንም። የመወጣጫው ሊሾ እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ አግድም ተሰነተረ፤ ለስልሶ ከደረቀ በዝናብ ጊዜ ጎማ ያንሸራትታል። ከዚያ ሰባት ቀን ውኃ ማጠጣት ብቻ ነው። ማንም እንዳይረግጠው ተራ ገብተን ጠበቅን።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጀሪካኖች ሥር ውኃ ተጠራቅሞ እንደነበር የጤና ጣቢያዋ ነርስ አሳየችን፤ እንደ ወባ ያለ በሽታ የሚያስተላልፍ ትንኝ የሚራባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በአዲሱ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን በጠጠር ሞላነው።

ሳምንት 6

ሲሚንቶው እስኪጠና ሌላ ሥራ ያዝን። በየክፍሉ «አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ አለ ወይ?» ብለን ብንጠይቅ ሁሉም የሚጠቁመው ወንበርና በትር የያዙትን ብቻ ነው። ስለዚህ የዋሽንግተን ቡድን የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ስብስብ ያዘጋጃቸውን ስድስት ጥያቄዎች እንደ መነሻ ወሰድን። በጥያቄዎቹ ውስጥ «አካል ጉዳት» የሚል ቃል የለም። መነጽር ብታደርግም ማየት ያስቸግርሃል? መስማትስ? መራመድ ወይም ደረጃ መውጣትስ? ማስታወስ ወይም ሐሳብ መሰብሰብስ? ራስን መንከባከብስ? ከሰው ጋር መግባባትስ? መልሱ አራት ደረጃ አለው፦ አያስቸግረኝም፣ ትንሽ ያስቸግረኛል፣ በጣም ያስቸግረኛል፣ ፈጽሞ አልችልም። ወረቀቱ በየግል ተሞልቶ በፖስታ ታሽጎ ለአማካሪያችን ብቻ ነው የሚሰጠው። እኛ የክበቡ አባላት ስም አናይም። በዚህ ላይ ጥብቅ ነን፤ አንድ ስም ከወጣ ሁለተኛ እውነቱን የሚጽፍ ተማሪ አይኖርም።

በዓይን በኩል የመጣው መልስ ከጠበቅነው በላይ ነበር። ነርሷ መጥታ የዓይን ምርመራ ልየታ አሠለጠነችን። የE ፊደልን የሚመስሉ፣ እግራቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ የዞረ ምልክቶች ያሉበት ሰንጠረዥ ከስድስት ሜትር ርቀት ይሰቀላል፤ ማንበብ የማይችል ልጅም አቅጣጫውን በእጁ ያሳያል። አንድ ዓይን በአንድ ጊዜ፤ ሌላው በመዳፍ ይሸፈናል፤ ዓይኑን መጫን አይገባም፣ ሲገለጥ ያደበዝዛል።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሲመጣ እኔ ነበርኩ የምመዘግበው። ትልቁን ምልክት በትክክል አሳየ። ከሁለተኛው መስመር በኋላ ለሁሉም እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋ። ወደ ላይ ለሆነውም፣ ወደ ታች ለሆነውም፣ ሁሉንም ወደ ቀኝ። ነርሷ ምልክቶቹን መጠቆሟን ትታ ወደ እርሱ ተጠጋች፤ በሹክሹክታ «አይታይህም አይደል?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ፣ ሰነፍ የሚባል ልጅ ነው። ከሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር ስንት ዓመት ሳይታየው እንደኖረ ማን ያውቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የዓይን እይታ ችግር እንዳለባቸው፣ ከነዚህም ቢያንስ 1 ቢሊዮን የሚሆነው ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ወይም እስካሁን ሕክምና ያልደረሰው እንደሆነ ይናገራል። ለዚህ ልጅ መነጽር እስኪመጣ የፊት ወንበር ተሰጠው፤ መምህራኑም የሚጽፉትን ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲጽፉ ተስማሙ። ይህ ምንም ወጪ አልጠየቀም።

ሳምንት 7፣ ሰኞ

አዲሱ መታጠቢያ ሥራ ጀመረ። ንግግርም ጭብጨባም እንዳይኖር ሁላችንም ተስማማን። እርሷ መወጣጫውን ብቻዋን ወጣች፣ ከገንዳው ሥር ገባች፣ በክርኗ እጀታውን ገፋች። መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሐል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር። በሰዓቴ ያዝኩት፤ 48 ሰከንድ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 እስከ 60 ይላል። ቀሚሷ አልራሰም።

ሳምንት 7፣ ሐሙስ

ሥራው አለቀ ብዬ የመጨረሻ ሪፖርት መጻፍ ጀምሬ ነበር። ከጎኔ ተቀምጣ ስታነብ ድንገት ነገረችኝ። መታጠቢያው ጥሩ ነው፤ እርሷ ግን መጸዳጃ ቤቱን አትጠቀምም። ወንበሯ 64 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጎማውን ከያዙት እጆቿ ጋር ከ70 ይበልጣል። በሩ ሲለካ 66 ነው።

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንዴት ትሆኛለሽ?»

«ውኃ አልጠጣም። ከቤት ስወጣ ጀምሮ እስክመለስ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ ከጎኗ ቆሜ ቁጥር ስጽፍ ነበር። ከመጸዳጃ ቤቱ ውጭ ያለውን ሁሉ ለካን፤ በሩን ግን አልለካንም። ነርሷን ሳማክራት ውኃ አለመጠጣትና ሽንትን መቋጠር ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ለራስ ምታትና ለሆድ ድርቀት እንደሚዳርግ ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ራሷን ያማት እንደነበርና መምህራን «አትከታተልም» ይሏት እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ሪፖርቱን ቀደድኩት።

ሳምንት 8

ለበሩ በጀት የለም ተባልን። ተመልሰን ሄድን። በሦስተኛው ጊዜ እርሷ ራሷ ሜትሩን ይዛ ገባችና ርእሰ መምህሩን በሩ ድረስ ወስዳ በፊታቸው ለካች። በማግሥቱ አናጺ ተጠራ።

አዲሱ በር 90 ሴንቲ ሜትር ክፍት አለው። የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ውስጥ ቦታ ይተርፋል፣ ሰው ውስጥ ቢወድቅም በሩን ከውጭ መክፈት ይቻላል። በግድግዳው ላይ መያዣ ብረት አለ። ክፍሉ ሰፋ ስላለ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያና መስተዋት ገባበት፤ የወር አበባ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ዛሬ ይበልጥ የሚጠቀሙት ይህንኑ ክፍል ነው። እግሩን ተሰብሮ በክራንች የሚሄድ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪም መወጣጫውን ይዞታል።

ሳምንት 10

ወደ ሰፈሩ ወጣን። በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለእናቶች የእጅ መታጠብ ትምህርት ነበር። የድምፅ ማጉያው ተበላሸ፤ ሰው ይንጫጫል። መስማት የተሳናቸው ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ፊት ወጥተው እያንዳንዱን እርምጃ በምልክት ቋንቋና በእጃቸው አሳዩ። ግቢው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ እናቶቹ እጃቸውን አንሥተው አብረው ማሸት ጀመሩ። ከኋላ የቆሙ አንዲት እናት የልጃቸውን ትከሻ ነካ አድርገው ወደ ፊት ገፉት። ልጁም አይሰማም። ትምህርት ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ነገሩን። አማካሪያችንና የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህሯ የቤታቸውን አቅጣጫ ይዘዋል፤ ሰኞ ይሄዳሉ።

ሳምንት 11

መነጽሩ መጣ። የስድስተኛ ክፍሉ ልጅ አድርጎት ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ሲመለከት ቆየ። ቅጠሎቹን እየቆጠረ ነበር።

ሳምንት 12፣ ዓርብ

የጤና ጣቢያው ኃላፊ የእነርሱን መግቢያ እንድናይላቸው ጠየቁን። የሄዱት እርሷና የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ናቸው፤ እኔ ሜትሩን ጫፍ ለመያዝ አብሬ ሄድኩ። በወንበሯ ጎን የተንጠለጠለው የውኃ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ጎድሏል።

ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 16፣ በድምሩ 48 ሴንቲ ሜትር። በ12 ሲባዛ 5 ሜትር ከ76። ከደረጃው እስከ አጥሩ ያለው ግን 4 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መወጣጫው መታጠፍ አለበት፤ በመታጠፊያውም ላይ በየጎኑ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ ያስፈልጋል። እርሱ በበትሩ አጥሩን ተከትሎ ሄዶ የውኃ መውረጃ ቦይ አገኘ፤ ክዳን የለውም። ያ ደግሞ ተመዘገበ።

እርሷ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ መወጣጫው የሚጀምርበትን ቦታ መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመረች። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ ብለዋል።